በልጄ ላይ የቀረው የማንዱ ጥፋት

ለዶልፖ ወረዳ የምግብ ደኅንነት ቢሮ
ለክቡር የቢሮው ኃላፊ
ዶልፖ

ቀን፦ ኖቬምበር 14 ቀን 2023

አመልካች፦ ወ/ሮ ፕዮ ሱንኤ፣ የባሕር አረም ማድረቂያ ፋብሪካ ሠራተኛ

ጉዳዩ፦ የማብሰያ መመሪያው ተሳስቶ በመታተሙ ከገበያ የተሰበሰበውን የቀዘቀዘ ማንዱ በሚመለከት፣ ቢሮው ስለ አማቴ ሞት የሰጠው ውሳኔ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የኖ ያሪም እናት ነኝ። ባለቤቴ አቶ ኖ ጁንቾል በሩቅ ባሕር ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ስለሚሠራ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ቤት አይገኝም። እናቱ ወ/ሮ ጋል ቦክሱን በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። እኔ የማታ ተረኛ ስሆን ያሪምን የሚጠብቋት እሳቸው ነበሩ። ጉልበታቸው ሲዝል ግን ጠባቂያቸው ያሪም ሆነች።

2. ባለፈው ዓመት ዲሴምበር መግቢያ ላይ ከሰፈራችን ሱፐርማርኬት አንድ ከረጢት የቀዘቀዘ፣ ሥጋ የተሞላ ማንዱ ገዛሁ። አማቴ የሱቅ ማንዱ አይወዱም ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሊጡን ዳምጠው፣ ሥጋውንና ጥቅል ጎመኑን ከትፈው፣ በገዛ እጃቸው እየሞሉ የጠቀለሉ ሰው ናቸው። ከረጢቱን ሲያዩ «ይሄ ሊጥ ነው ወይስ የጎማ ጫማ?» አሉኝ። ያሪም «አያቴ፣ እኔ ላብስልዎት» ስትላቸው ግን «አንቺ ካበሰልሽውማ ጎማም ቢሆን እበላለሁ» አሉ። ይህን ሰምቼ ወደ ሥራ ወጣሁ።

3. ያሪም የከረጢቱን ጀርባ አነበበች። ምግቡ ቀድሞ የበሰለ መሆኑን፣ በእንፋሎት ስድስት ደቂቃ ማሞቅ እንደሚበቃ ይገልጻል። ውኃ አፈላች፤ የስልኳን ማንቂያ ሞላች፤ ማንቂያው ሲጮህ አወጣች። ትምህርት ቤት በልታ ስለመጣች እሷ አንዱን ብቻ ቀመሰች። የቀረውን አያቷ በሉ።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ «ምራቴ፣ ልጅሽ ካንቺ ትሻላለች፤ ቢያንስ የተጻፈውን ታነባለች» ብለው ሣቁብኝ። ከሰዓት በኋላ ትኩሳትና ተቅማጥ ጀመራቸው። ያሪምንም ሆዷን አሟት ነበር፤ እሷ ዳነች። አማቴ ሆስፒታል ገብተው፣ ሕመሙ ወደ ደማቸው ዘልቆ በሳምንቱ ዐረፉ።

4. ባለቤቴ መርከቡ ሩቅ ስለነበረ ለቀብሩ አልደረሰም። ሲደውል እጄ ሥራ ላይ ስለነበር ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈትሁት። ሐኪሞቹ የምግብ መመረዝ ነው ማለታቸውን ስነግረው «ማነው ያበሰለው?» አለ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሰው እንዲህ ሲደነግጥ የመጣለትን ይናገራል። ያሪም አጠገቤ ነበረች። «እኔ ነኝ አባዬ» አለችው። ከዚያ በኋላ በስልኩ የመርከቡ ሞተር ብቻ ይሰማ ነበር።

5. ከቢሮዎ አንድ ወጣት መርማሪ መጥቶ ሳይበስል የተረፈውን ማንዱ ከነከረጢቱ ወሰደ። ትሑት ሰው ነው። ያሪም እንዴት እንዳበሰለች ድስቱን አውጥታ አሳየችው። ከዚያ በጃንዋሪ መጨረሻ የቢሮው ደብዳቤ መጣ። ምክንያቱን «ምግቡ በቤት ውስጥ ሲዘጋጅ በቂ ሙቀት ባለማግኘቱ የደረሰ መመረዝ» ይለዋል። ከፖስታ ሳጥኑ አውጥታ የከፈተችው ያሪም ነች። አንብባ አጠፈችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስሁም። እራት አቀረብሁ።

6. በማርች ወር ሱፐርማርኬቱ በር ላይ የኩባንያው ማስታወቂያ ተለጠፈ። በማሸጊያው ላይ የታተመው መመሪያ የሌላ ምርት መሆኑን፣ የዚህኛው ማንዱ ሥጋ ጥሬ በመሆኑ ከተጻፈው ከእጥፍ በላይ ጊዜ መብሰል እንደነበረበት ገልጾ፣ የገዛ ሁሉ እንዲመልስ ይጠይቃል። ቅርጫቴን ይዤ ቆሜ ሳነብ ከኋላዬ የነበሩ አንዲት ሴት «እህቴ፣ ገንዘቡን ይመልሳሉ እንዴ?» አሉኝ። «አዎ፣ ይመልሳሉ» አልኋቸው። ከዚያ ሽንኩርት ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ለያሪም ነገርኋት። «አየሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አልኋት። «እማ፣ አንቺማ እናቴ ስለሆንሽ ነው። መንግሥት እኔ ነኝ ብሏል» አለችኝ። የኩባንያውን ማስታወቂያ ፎቶ አንሥቼ ባሳያትም የቢሮው ማኅተም በለጠባት።

7. በኤፕሪል ከኩባንያው ሁለት ሰዎች አንድ ካርቶን ፖም ይዘው መጥተው በአማቴ ፎቶግራፍ ፊት ሰገዱ። ያሪም ከክፍሏ ወጥታ «እኔ ያበሰልሁት ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?» ብላ ጠየቀቻቸው። ትልቁ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠርጎ «ልጄ፣ ይህን የሚመለከተው ቢሮ ወስኖበታል» አላት። ትንሹ ካልሲውን ያይ ነበር። የእርስዎን ደብዳቤ ጋሻ አድርገው ወጡ።

8. እኔም ወደ ቢሮዎ መጣሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ መዝገቡን አውጥታ አየችልኝና «እናቴ፣ ደብዳቤው እኮ ውሸት የለውም። በቂ ሙቀት አላገኘም፤ አላገኘማ! ምን ብለን እናርመው?» አለችኝ። በትሕትና ነው የነገረችኝ፤ በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። አመስግኛት ወጣሁ። መልሱ የመጣልኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤው ምግቡ አለመብሰሉን ይናገራል፤ ይበቃል ብሎ ያዘዛት ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ያ ቦታ ባዶ ስለቀረ ልጄ ራሷን አስገባችበት።

9. ዛሬ ያሪም ቤት ውስጥ የምታበስለው ሁሉ ያርራል። ሩዙ ሙጫ እስኪሆን፣ የእንቁላሉ አስኳል እስኪጠቁር ድረስ አታወጣም። ተይ ብላት ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ «ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ብቻ» ትለኛለች። እኔ የሰጠችኝን እበላለሁ። ከሌላ ሰው ቤት ስትጋበዝ ግን ምንም አትነካም። መምህርቷ አስጠርተውኝ «ቤት ውስጥ የተፈጠረ ነገር አለ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ደብዳቤውን አሳየኋቸው።

10. ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ) ውሳኔው ተከልሶ፣ ምግቡ በማሸጊያው ላይ በታተመው መመሪያ መሠረት የተዘጋጀ መሆኑ፣ ስህተቱም የመመሪያው መሆኑ በግልጽ እንዲጻፍ፤

ለ) የታረመው ደብዳቤ ለእኔ ወይም ለባለቤቴ ሳይሆን በልጄ በኖ ያሪም ስም፣ በቢሮው ማኅተም እንዲላክ።

ስለ ካሳ በዚህ አቤቱታ የማነሣው የለም። የሞተውንም የሚመልስ እንደሌለ ዐውቃለሁ።

11. ቶሎ እንዲታይልኝ የምለምነው፣ የአማቴ ሙት ዓመት በሚቀጥለው ወር ስለሆነ ነው። ባለቤቴ ፈቃድ ተሰጥቶት ይመጣል። በቤታችን ልማድ ለሟች በሚዘረጋው ማዕድ ላይ ሾርባውን የምታስቀምጠው የልጅ ልጅ ናት፤ ከእሷ ሌላ የልጅ ልጅ የላቸውም። ያሪም «እኔ የነካሁትን አያቴ ፊት እንዳታስቀምጡ» ብላኛለች። እናት የምትለውን ሁሉ ብያታለሁ። የቀረው በእርስዎ ብዕር ያለው ነው።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ፕዮ ሱንኤ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የቢሮው ውሳኔ ቅጂ፣ የኩባንያው ማስታወቂያ ፎቶግራፍ፣ የሆስፒታል ማስረጃ

ግልባጭ፦
ለልጄ ለኖ ያሪም