የሁለት ቀን ወንፈል ለተበደሩት ክቡር ዲሬክተር

ጥቅምት ፳፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ለሚወስደው መንገድ ሥራ ኩባንያ ዲሬክተር፣
ለክቡር ሲኞር ቤሉቺ፤

ክቡርነትዎ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ባርኔጣዎ፣ ታጣፊ ወንበርዎ፣ ሁሉም ደህና ናቸውን? እኔ የቀድሞ ተለማማጅዎ እሸቴ ማሩ፣ ከወገቤ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በቅዳሜ ገበያ ግራር ላይ የለጠፍኩት ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም። ሦስት ጊዜ ወደ ቢሮዎ ብመጣ ሦስቱንም ጊዜ ዘበኛዎ ስለ መለሰኝ፣ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ያደርስልኛል ብዬ ነው። ትምህርቴ ዳዊት ላይ የቆመ ስለሆነ የጽሕፈት ጉድለት ቢያገኙ፣ በኩባንያዎ አራት ወር ተለማምጄ ያተረፍኩት ነውና እንደ ራስዎ ንብረት ይቁጠሩልኝ።

የተማርኩትን በተራ ዘርዝሬ ማመስገን ይገባኛል።

፩ኛ። ስለ ልምምድ። እኔ ልምምድ ማለት ሥራ መማር ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ግን ታጣፊ ወንበርዎን ተሸክሜ ጥላው በሄደበት እንድከተል አደረጉኝ፤ ፀሐይ በቀን ስንት ቦታ እንደምትረግጥ አሁን ከደብተራ ይልቅ አውቃለሁ። «ደመወዝህ ትምህርቱ ነው» ስላሉኝም ይህንኑ ለእናቴ ወስጄ ሰጠኋት። ድስት ውስጥ ብትከተው አልበስል አላት።

፪ኛ። ስለ ሪፖርት። ዝናብ ጥሎ ሥራ ሲቆም «የመሬቱ እርጥበት ተመረመረ»፣ ሠራተኛ ሲጠፋ «የሰው ኃይል ተስተካከለ» ተብሎ እንደሚጻፍ አስተምረውኛል። የኔታ ይህን ሳያስተምሩኝ ስለ ቀሩ አዝኜባቸዋለሁ።

፫ኛ። ስለ ወንፈል። በመስከረም የመንገዱ ጭቃ ሠራተኞችዎን ባሸነፈ ጊዜ፣ የዚህ አገር ገበሬ ያለ ደመወዝ ያን ሁሉ ማሳ እንዴት እንደሚያነሣ ጠየቁኝ። ዛሬ ሁሉም ለእኔ ይሠራል፣ ነገ እኔ ለሁሉም እሠራለሁ፣ ቀን በቀን ይመለሳል ብዬ አስረዳሁዎት። የመጀመሪያውን ግማሽ ሲሰሙ ዐይንዎ በራ፤ ሁለተኛውን ግማሽ ስናገር ሰዓትዎን ያዩ ነበር። ነገር መደጋገም ትልቅ ሰው መናቅ ነው ተብዬ ስላደግሁ አልደገምኩትም። ያን ጊዜ ፈገግ ብዬ ከነበረም ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ወንፈሉን ለመዋዋል የመንደሩ ሽማግሌ አያ ሙላቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ እርስዎም በቋንቋዎ መልካም ነው ሲሉ «ቤኔ፣ ቤኔ!» ብለው ጨበጡ። እርሳቸው ግን ጠንቃቃ ናቸውና «እንግዳ ሰው ዋስ ይጥራ እንጂ! ነገ አገሩ ቢገባ ማንን ይዘን ልናጭድ ነው?» አሉ። እርስዎም ምን እንደ ተባለ ሳይጠይቁ በጣትዎ ወደ እኔ አመለከቱ። እንዲህ ሆኜ ዋስዎ ሆንኩ።

ሠላሳ ሁለት ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ ፈልጦ ጭቃዎን ደለደለ። ሁለተኛው ቀን ረቡዕ ነበርና የሰጧቸውን ብስኩት «ቅቤ አለው»፣ «የለውም» ሲከራከሩ ቆይተው፣ ሳይወስኑ ለልጆቻቸው ቋጠሩት። እየሠሩም እንዲህ ዘፈኑልዎ፦

ድንጋይ ፈለጥንለት በጠራራ ፀሐይ፣
ገብሳችን ሲደርስ ይመጣ ይሆን ወይ?

እርስዎ አጨበጨቡ። «የሠራተኛው ደስታ» ተብሎ በቅዳሜው ሪፖርት እንዲገባም አዘዙ። አስገባሁት።

በጥቅምት ገብሱ ደረሰ። አያ ሙላቴ በግራ እጅዎ እንደሚጽፉ አስተውለው ኖሮ፣ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄደው ለግራ እጅ የሚሆን ማጭድ አሠርተው ቢሮዎ ድረስ አመጡልዎ። ክቡርነትዎ ተቀብለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ አጠገቡ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ፤ አመስግነው በሩን ዘጉ። አያ ሙላቴ የሥራ ልብስ ሊቀይሩ የገቡ መስሏቸው እስከ ቀትር በሩ ላይ ጠበቁዎ።

በማግሥቱ ጉዳዩን ባስታውስዎ ልምምዴ ማብቃቱን ነገሩኝ። የምስክር ወረቀቴንም «ገና አልበሰልክም» ብለው መሳቢያዎ ውስጥ ቆለፉበት። ከእናቴ ድስት ጋር መስማማትዎ ገርሞኛል።

፬ኛ። ስለ ዋስትና። ሠላሳ ሁለት ሰው ሁለት ቀን ሲሠራ ስድሳ አራት ቀን ይሆናል። ተበዳሪው ካልመለሰ ዋሱ ይመልሳልና እያጨድኩ ነው፤ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። የእርስዎ ብድር እንዲጀመር የተስማማነው በእትዬ ፈንታነሽ ማሳ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸውን ሁለቱንም ቀን ወደ መንገድዎ ልከው፣ ሠላሳ ሁለት አጫጅ ሲጠብቁ እኔን አገኙ። «አንተ ዋሱ፣ ማጭዱን እንደ ብዕር አትያዘው! ገብስ ነው እንጂ ዳዊት አይደለም» ይሉኛል። እስቃለሁ፤ እርሳቸውም ይስቃሉ፤ ዐይናቸው ግን ከሰማዩ አይነሣም። ያለጊዜው የመጣው ዝናብ የማሳውን ግማሽ አስተኝቶታል፤ ሌላውም ገበሬ በየማሳው ከዝናቡ ጋር እየተሻማ ነው። የተኛ ገብስ ቶሎ ካልተነሣ እዚያው ዛላው ላይ ይበቅላል። ልጅና እናት እስከሚመጣው ጥቅምት የሚበሉት ከዚህ ማሳ ብቻ ነው። ይህ በሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ አላስተማሩኝም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና የምለምነው፣ ድንጋይ ይጠብቃል፣ ገብስ አይጠብቅምና፣ ሠላሳ ሁለት ሠራተኞችዎን ለሁለት ቀን እንዲልኩልን ነው። እኔ ያጨድኩትን አሥራ አንድ ቀን መርቄልዎታለሁ። የምስክር ወረቀቴንም እዚያው መሳቢያዎ ውስጥ ያኑሩት፤ ከዚህ በኋላ ለየትኛውም ሥራ ባሳየው ዋስ ሁን ከመባል በቀር ምንም አያስገኝልኝም። የመንደሩን ስም ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሠሩን ስሙን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረዎትምና፣ አሁንም በትንሽ ነገር ላድክምዎት አልፈለግሁም።

የወንበርዎ ተሸካሚ፣ የሪፖርትዎ ጸሐፊ፣ የብድርዎ ከፋይ፣ ክብርዎን ሳስብ ወገቤን የሚያመኝ፣
እሸቴ ማሩ

ማስታወሻ፦ ሲሚንቶ የጫነው ካሚዮንዎ ትናንት ከመንደራችን በታች ወንዙን ሲሻገር ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። ሾፌሩ የሚጎትት በሬ ፍለጋ መጥቶ፣ ሐሙስ ከጎንደር ተቆጣጣሪ እንደሚመጡብዎ እየማለ ሲለምን እኔው አስተረጎምኩለት። ሽማግሌዎቹ በጣም አዝነውልዎታል። አሥራ ስድስት ጥንድ በሬ አለን፤ ይመጣሉም፤ ነገር ግን ገብሱ ታጭዶ ሳይከመር በሬ ከመንደር አይወጣም ብለዋል። ሥራው በእኔ ክንድ ከሆነ ለገና ግድም ያልቃል፤ በሠላሳ ሁለት ሰው ከሆነ ለሐሙስ ይደርሳል። ምርጫው የክቡርነትዎ ነው። ጠዋት ሳየው አራቱም ጎማ ይታይ ነበር፤ ይህን ስጽፍ የሚታየው ጭነቱና ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ነው፤ ደመናውም ገና ወደዚህ እየመጣ ነው።