ዘጠኝ ብዬ የጻፍኳቸው ሰባት ወፎች

ውድ እትዬ መሳቢያ፣

በዚህ ስም ስጠራዎ የመጀመሪያዬ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ሁላችንም ከኋላዎ እንዲህ ነበር የምንልዎ፤ እርስዎም ያውቁ ነበር። አንድ ቀን የጥበቃው ሰው አምልጦት ፊት ለፊት ሲጠራዎ «አቤት፣ የትኛው ይከፈት?» ብለው በሳቅ ገደሉን። ስለዚህ ድፍረቴን ይለፉልኝ።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ልጅዎ ናት። ማንነቴን ስነግራት፣ «ወንድሜ፣ ስለ ሙዚየሙ ከሆነ እናቴ ማውራት አትፈልግም» አለችኝ።

«ደብዳቤ ብጽፍስ?»

«ማንበብ ትወዳለች። መልስ ግን አትጠብቅ።»

እሺ አልኳት። ከዚህ በታች ያለውን ግማሹን እርስዎ ከእኔ በፊት ያውቁታል። ግማሹን ግን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው የለም፤ ስለዚህ ሁሉንም ከሥሩ ልንገርዎ።

ወደ ዕቃ ክፍሉ የወረድኩበትን የመጀመሪያ ቀን ያስታውሱ ይሆናል። ዶክትሬቴን ከያዝኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ሥራውን ያስገኘልኝ የክፍላችን ኃላፊ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ስለሆነ ትንሽ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት። የናፍታሊኑ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። እርስዎ ሰማያዊ ጋዋንዎን ለብሰው፣ መነጽርዎን በክር አንገትዎ ላይ አንጠልጥለው ቆመው ነበር።

«እጅህን ታጠብ» አሉኝ።

«ታጥቤያለሁ።»

«አይቼሃለሁ። ጣትህን ብቻ ነው ያስነካኸው።»

ታጥቤ ስመለስ መሳቢያ አርባ ሰባትን ሳቡልኝ። ሃሚንግበርዶቹ፣ እነዚያ አየር ላይ ቆመው የአበባ ወለላ የሚጠጡ አውራ ጣት የሚያህሉ ወፎች፣ ሆዳቸው ጥጥ ተሞልቶ፣ እግራቸው ላይ መለያ ወረቀት ታስሮላቸው፣ በጀርባቸው ተደርድረው ተኝተዋል። ሁሉም የአንድ ዝርያ ናቸው፤ ሆዳቸውም ቀረፋ የመሰለ ቡናማ ነው። ከዳር ያሉት ዘጠኙ ግን ሆዳቸው ግራጫ፣ ምንቃራቸውም አጠር ያለ ነበር። ዘጠኙንም ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሰብሳቢ ከአንድ ብቸኛ ኮረብታ ነበር ያመጣቸው።

«እነዚህ ከቤተሰቡ አይመስሉኝም» አሉኝ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው።

ያዩዋቸው ምሁራን ሁሉ ዕድሜ አደብዝዟቸው ነው ብለው አልፈዋቸዋል። እኔም ያንኑ ደገምኩልዎ። አልተከራከሩኝም። «የቤትህ መጋረጃ ሲደበዝዝ እጥፋቱን ገልጠህ አይተህ ታውቃለህ? እዚያ ውስጥ ቀለሙ እንደ ድሮው ነው» አሉና በቀጭን እንጨት የአንዷን ክንፍ ቀስ አድርገው አነሱት። ከክንፉ ሥር፣ መቶ ዓመት ሙሉ ብርሃን ያልነካው ላባም ግራጫ ነበር። የቀሩትን የስምንቱንም እንዲሁ አነሱልኝ። የዝርያው ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ፣ ማንም ስም ያልሰጠው ንዑስ ዝርያ፣ ከእጃችን ሥር ተኝቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠራን። እኔ በካሊፐር ምንቃር፣ ክንፍና ጅራት ስለካ እርስዎ በምሳ ሰዓትዎ የሌሎቹን መሳቢያዎች ወፎች ከክንፋቸው ሥር እየፈተሹ በዚያ ባለ ካሬ ደብተርዎ ላይ ይጽፉ ነበር። «እትዬ፣ ምሳዎን ይብሉ እንጂ» ስልዎ፣ «እነሱስ መቶ ዓመት ሳይበሉ ተኝተው የለ?» ይሉኝ ነበር። ውጤቱን ስጠይቅዎ «ግራጫውና ቡናማው አይቀላቀሉም፣ ለየብቻ ናቸው» አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። ደብተሩን ግን አንድም ቀን ገልጬ አላየሁትም። ይህን ልብ ይበሉልኝ።

ጽሑፉን ስጨርስ ከላይ ሁለት ስም አሰፈርኩ፤ የእኔንና የእርስዎን። ኃላፊው አነበበውና ቢሮዬ መጥቶ በሩን ዘጋ።

«ሁለተኛዋ ማን ናት?»

«እትዬ ናቸዋ።»

«የዕቃ ክፍሏ? ተው እንጂ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ምን ተምራለች ቢልህ ምን ልትመልስ ነው?»

«ወፎቹን ያገኟቸው እሳቸው ናቸው።»

«እንግዲያው የበለጠ ክብር ስጣት። ወፏን በስሟ ሰይምላት። እኔና አንተ ተረስተን የሷ ስም ይኖራል።» ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ «ውልህ ዘንድሮ እንደሚያልቅ አትርሳ፤ ነገር አታወሳስብ» አለኝ።

ተከራከርኩ ብዬ ብጽፍልዎ ደስ ባለኝ። አልተከራከርኩም። ጭራሽ ሐሳቡ ያማረ መሰለኝ። በእኛ ሙያ ጸሐፊ ወፍን በራሱ ስም መሰየም ነውር ነው፤ ስለዚህ ስምዎ ወፏ ላይ እንዲወጣ ከጸሐፊነት መውረድ ነበረበት። ለእርስዎ እንደማደርግልዎ አድርጌ ራሴን አሳመንኩ። ስምዎን አጠፋሁና ጽሑፉን ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ፕሪንተር ላክሁት። ወዲያው ለስብሰባ ተጠራሁ።

ስመለስ ገጾቹ በቅደም ተከተል ተደርድረው፣ በሽቦ ክሊፕ ተይዘው ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ። ከክሊፑ ሥር ትንሽ የታጠፈች ነጭ ወረቀት ነበረች፤ ዝገቱ ገጹን እንዳይነካው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የነበረው የእኔ ስም ብቻ ነበር፤ አይተውታል። በማግስቱ ደረጃው ላይ ስንገናኝ፣ «የመሳቢያ አርባ ዘጠኝን ቁልፍ መለስክ?» ከማለት ሌላ አንዲት ቃል አልወጣዎትም። ቢቆጡኝ በቀለለኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጡረታ ሲወጡ በሽኝትዎ ላይ ያልተገኘሁት ሥራ ይዞኝ አልነበረም። ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ ነበር። ጭብጨባውን ሰምቻለሁ። የግድግዳ ሰዓት እንደሸለሙዎትም ሰምቻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ደቂቃ ላላረፈደ ሰው ሰዓት መስጠት የማን ሐሳብ እንደሆነ እንጃ። ያልወረድኩት ፊትዎን ማየት ስላቃተኝ ነው።

ጽሑፉ ተላከ፤ መልሱ ከአራት ወር በኋላ መጣ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሁለት ነገር ጠየቀ። አለመደብዘዛቸውን በስንት ወፍ ላይ፣ ማን፣ እንዴት አረጋገጠ? ዘጠኙስ ሁሉም ያደጉ መሆናቸው ታይቷል? ሕሊናዬ ቀስቅሶኝ ቢሆን ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር። የቀሰቀሰኝ ግን የሰው ጥያቄ ነው፤ መልሱ እኔ ዘንድ አልነበረም።

ወረድኩ። አዲሱ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ቁም ሳጥንዎን ከፈተልኝ። ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በርጩማዎ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ወፍ፤ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር፤ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ግራ ክንፍ፣ ቀኝ ክንፍ። ያልታየዎትን «አልታየኝም» ብለው ጽፈዋል። እኔ ባለ ዶክትሬቱ ያልታየኝን አልታየኝም ብዬ የጻፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ከዘጠኙ የሁለቱ ቁጥር ተከቧል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «እነዚህን ሁለቱን እጠራጠራለሁ። ምንቃራቸው ላይ ጥቃቅን ጭረት አለ፣ ያልጠና ነው። ገና ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። ባይቆጠሩ ይሻላል። ዛሬ ወጥቼ ለዶክተሩ ልንገረው።»

ቀኑን አየሁት። ጽሑፉን ፕሪንተር ላይ ያወጣሁበት ቀን ነው።

እትዬ፣ ለካ ፎቅ የወጡት ይህን ሊነግሩኝ ነበር። ከስህተት ሊያድኑኝ ደረጃውን ወጥተው፣ ስምዎ የተፋቀበትን ወረቀት ለቅመው፣ አስተካክለው፣ ዝገት እንዳይነካው አድርገው አስቀመጡልኝና ወረዱ። ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም ብዬ አልጠይቅም። እኔም ብሆን አልናገርም ነበር።

ሁለቱን ወፎች በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። ጭረቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የምንቃራቸው ማጠር የዘር ሳይሆን የልጅነት ነው። ዘጠኝ ብዬ አሳትሜው ቢሆን ኖሮ፣ አጉሊ መነጽር ያለው ማንም ሰው ሁለቱን ነቅሶ ሥራውን በሙሉ ያፈርሰው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ስሌቱን እንደ አዲስ ሠራሁት። ሰባቱ ብቻቸውን ቆሙ።

በአራተኛው ቀን ኃላፊው ዘንድ ገባሁ።

«ጽሑፉን አስመልሼዋለሁ» አልኩት።

«አብደሃል እንዴ? ሊያትሙት ነው እኮ።»

«ስህተት አለው። ስህተቱን ያገኙት እትዬ ናቸው። ስማቸውን መልሼ አስገባለሁ፤ ከእኔ ስም በፊት።»

«ወፏንስ በስሟ ሰይመህላት የለም?»

«ወፏ የኮረብታዋን ስም ትይዛለች። በስም የምናከብረው የረዳንን ሰው ነው። እሳቸው አልረዱንም፤ ሥራው የራሳቸው ነው። የረዳሁት እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ውልህን አልፈርምም።»

«አትፈርም።»

ጀግና ነበርኩ እንዳይሉኝ፤ ፈርቼ ነበር። ኋላ ለስድስት ወር ብቻ ፈረመልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን የሊፍት ሰላምታ ሆኗል፤ ሁለታችንም ቁጥሩን እናያለን። ስድስት ወሩ ሲያልቅ የሚሆነውን አላውቅም። ቢሆንም ወደ ኋላ አልልም።

የደብተርዎን ቅጂ ከአዲሱ ጽሑፍ ጋር አባሪ አድርጌ ላክሁ። ያ ጠያቂ ገምጋሚ በአንድ መስመር መለሰ፦ «ይህን ደብተር የጻፈውን ሰው አምናለሁ።» እኔን አምናለሁ አላለም፤ ልክ ነው። ጽሑፉ ተቀባይነት አግኝቷል።

አሁን የቀረው የጸሐፊዎቹ ፊርማ ነው። ቅጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ፤ የመጀመሪያው መስመር የእርስዎ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ መላክ አለበት። እምቢ ቢሉ ምክንያት አልጠይቅዎትም፤ ያለ እርስዎ ስም ግን አላሳትመውም፤ ያኔ ውሸት ይሆናልና። ስላጠፋሁት ስምዎ፣ ስላልወረድኩባት ቀን፣ ደብተርዎን ሳልገልጥ ስላለፉት ሁለት ዓመታት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ለይቅርታው መፈረም አይጠበቅብዎትም፤ ሁለቱን አያገናኙብኝ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከሰባቱ አንዷ የስሙ ባለቤት ሆና ትመረጣለች፤ እግሯ ላይም ቀይ መለያ ይታሰራል፤ ከእንግዲህ ስለዚህች ወፍ የሚጠይቅ ሁሉ መጥቶ የሚያየው እሷን ነው። መለያው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ክሩን አስገብቼለታለሁ። አዲሱ ሠራተኛ ትናንት «ልሰረው?» አለኝ። «አይሆንም፣ የሚያስሩት ሴትዮ አሉ» አልኩት። ሐሙስ ሐሙስ ዕቃ ክፍሉ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። መናኸሪያው ድረስ መጥቼ እቀበልዎታለሁ። መምጣቱ ከከበደዎት ደግሞ የመረጧትን ቁጥር ብቻ ከቅጹ ጀርባ ይጻፉልኝ፤ ሰባቱንም በቃልዎ እንደሚያውቋቸው አውቃለሁ።

ጤናዎን ይስጥልኝ። ልጅዎን ስልኩን ስላልዘጋችብኝ ያመስግኑልኝ።

ሁለተኛው ጸሐፊ