ያላለቀ ጉባኤያችንን ስለ ጨረሰልን ረዳትዎ

ለክቡር አቶ ሰይፈሥላሴ
የሰነድ ማዘመኛ ማስተባበሪያ ኃላፊ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ወገብዎ ከወንበሩ፣ ዓይንዎም ከስክሪኑ ጋር ተስማምተው፣ ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። የቆላው ሙቀት ዘንድሮ እንደ በረታ ሰምተናልና ውሃ አብዝተው ይጠጡ። እኛ የኦቾሎ ሰዎች እዚህ አፋፍ ላይ ነፋሱ እያንገላታንም ቢሆን ደህና ነን፤ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ አቶ እንድሪያስ ብቻ ከጥር ወር ጀምሮ በሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ናቸው። ይህን የምነግርዎ መጥተው እንዲጠይቋቸው አይደለም። በእርስዎ ሰነድ ላይ አቶ እንድሪያስ ፍጹም ጤነኛ ሆነው፣ በጉባኤ መካከል ቆመው ንግግር ማድረጋቸውን ስላነበብኩ፣ መድኃኒቱን ከየት እንዳገኙላቸው ለቤተሰባቸው እንዲጠቁሙልን ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ወልደየሱስ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ደግሞ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ጉባኤው ዱቡሻ በምንለው ሜዳ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በጋሞኛ ይመክራል፣ እኔም ቃለ ጉባኤውን በአማርኛ እይዛለሁ። ባለፈው ዓመት ባለሙያዎ ወይዘሮ ብሩክታዊት ያንን ሁሉ ዳገት ወጥተው መጥተው፣ ደብተሬን ትቼ በስልኬ፣ ብዙ ሰው በአንድነት በሚጽፍበት የኢንተርኔት ሰነድ ላይ እንድጽፍ አስተማሩኝ። ተማርኩ። በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም፤ እንዲያውም ፊደሉን እንደ ልቤ ማተለቅ መቻሌ ለዓይኔ እረፍት ሆኖታል። በየካቲት ግን ያንን ሰነድ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚሉት ረዳት ጋር አገናኙትና፣ እንዲያነብ ብቻ ሳይሆን እንዲጽፍና እንዲያርምም ፈቃድ ሰጡት። ስለዚህ ውለታዎ የሚከተለውን ምስጋና በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ጊዜያችንን ስለ ቆጠበልን እናመሰግናለን። ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ብዙነህ ማሳቸውን ማጠር ይፈልጋሉ፤ ከሰፈራችን ወደ ምንጩ የሚወርደው የእግር መንገድ ደግሞ በማሳቸው መሃል ያልፋል። መንገዱ ከተዘጋ ውሃ ቀጂ ሁሉ በገደሉ ጠርዝ ዞሮ፣ የሩብ ሰዓቱን መንገድ አንድ ሰዓት ሊሄደው ነው። በዚህ ጉዳይ ሦስት ቅዳሜ ተቀመጥን። ሊናገሩ ከሚገባቸው ሽማግሌዎች ያልተናገሩት አቶ እንድሪያስ ብቻ ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ መናገር የሚገባው ሰው ሳይናገር ነገር አይቆረጥም፣ ታሞም ከሆነ እስኪሻለው ይጠበቃል። ስለዚህ «ውሳኔ» የሚለውን ሣጥን ባዶ ተውኩት። ረስቼው አይደለም፤ ገና እየመከርን ነው ለማለት ነው። ረዳትዎ ግን፣ ሰነዱ ራሱ የያዘው የለውጥ መዝገብ እንደሚያሳየው፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ «ተሰብሳቢዎቹ መንገዱ እንዲዘጋ በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ብሎ ሞላው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው። ከየት አመጣው ብዬ ብዙ አሰብኩ። በየቢሮው ሰነድ ላይ ተሰብሳቢ ሁሉ ሁልጊዜ በሙሉ ድምፅ ሲስማማ አንብቦ፣ የእኛም እንደዚያው ይሆናል ብሎ ነው መሰለኝ፤ በዚህስ አልፈርድበትም።

፪. ቅሬታዬን በትሕትና ስለ ተቀበለኝም እንዲሁ። ያንን እንዳየሁ በሰነዱ ጠርዝ ላይ «አቶ እንድሪያስ ገና አልተናገሩም» የሚል አስተያየት ጻፍኩ። ረዳትዎ ወዲያው ስለ ጠቃሚው አስተያየቴ አመስግኖኝ፣ የጎደለውን እንደሚያሟላ ገልጾልኝ፣ አቶ እንድሪያስን አናገራቸው። አምስት መስመር ሙሉ የመንገዱን መዘጋት ደገፉ። «ይህንን እኮ አላሉም» ብዬ ብጨምር፣ ዳግመኛ አመስግኖኝ «በአጽንዖት ገልጸዋል» የሚል አከለበት፤ ንግግራቸውንም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚል አሳረገላቸው። ክቡር ሆይ፣ አቶ እንድሪያስ ሃምሳ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከትተው የሸመኑ ሰው ናቸው። ድር ምን ያህል እንደሚችል፣ የት ላይ እንደሚበጠስም ያውቃሉ፤ አንበሳ ሲያስሩበት አይታየኝም። ሦስተኛ አስተያየት አልጻፍኩም፤ ብጽፍ ደግሞ አቁሞ እንዳያዘፍናቸው ሰጋሁ።

፫. ስሜን ስላልረሳው። ከዚያ ሁሉ በታች «ቃለ ጉባኤውን የያዘው፦ ወልደየሱስ» ይላል። ሌላ ሰው የጻፈውን የእኔ ነው ያለ ተማሪ ሁሉ ከእኔ ዜሮ ተቀብሎ ሄዷል፤ በእርጅናዬ ያልጻፍኩትን ስሸለም ምን ልበል? እውነቱን ልንገርዎ፣ ተናድጃለሁ። እህል አልቀመስኩም ብል ውሸት ይሆናል፤ በልቻለሁ፣ ግን እየተናደድኩ ነው የበላሁት።

፬. ውሳኔው ሳይውል ሳያድር በሥራ ላይ በመዋሉ። በዚያው ቃለ ጉባኤ መነሻነት ጊዜያዊ የአጥር ፈቃድ ተሰጠ፤ በሳምንቱ የሽቦ አጥር መንገዱን ዘጋው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሊሻን ሁለት ጀሪካን ተሸክመው በገደሉ ጠርዝ ሲዞሩ ወድቀው ጉልበታቸው አብጧል። ልጠይቃቸው ብሄድ ውሳኔውን ሰምተው ኖሮ፣ «መምህር፣ ሁላችሁም ተስማማችሁ አሉኝ፤ አንተም?» አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊ ስሆን እንደዚያ አንገቴን የደፋሁበት ቀን የለም። እኔ አልጻፍኩም ብላቸው፣ ስሜን በስልክ ላይ በዓይናቸው አይተዋል።

ይህንን ሁሉ ዘርዝሬ ለቢሮዎ አቤቱታ ባስገባ፣ በሁለተኛው ቀን በእርስዎ ፊርማ መልስ ደረሰኝ። መልሱ ስለ ጠቃሚው አስተያየቴ ያመሰግነኛል፤ አቤቱታዬም ለአሠራሩ መሻሻል ግብዓት እንደሚሆን ይገልጽልኛል። ይህን አነጋገር ከዚህ በፊት የት እንዳነበብኩት ለማስታወስ ብዙ አልተቸገርኩም። በመጨረሻ ግን አንድ የሰው እጅ ያለበት የሚመስል ዐረፍተ ነገር አለ፦ እስከ ዓርብ ድረስ አርባ ምንጭ ወርጄ የታተመውን ቃለ ጉባኤ ካልፈረምኩ፣ በምትኬ ሌላ ጸሐፊ ይመደባል።

አልፈርምም።

ዓርብም አልፈርምም፣ ከዓርብ በኋላም አልፈርምም። የሰነዱን መክፈቻ ቁጥር ይውሰዱት፤ የጸሐፊነቱን ማዕረግ ግን የሰጠኝ የእርስዎ ቢሮ ስላልሆነ ለመውሰድም ዳገቱን ወጥተው ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ይኖርብዎታል። እኔ ደብተሬን መልሼ አውጥቻለሁ። የጻፍኩትን ማንም ጣልቃ ገብቶ አያሟላልኝም፤ ስሳሳት ስሰርዝ፣ የሰረዝኩት ይታያል። ወይዘሮ ብሩክታዊትን አይቆጧቸው፣ ያስተማሩኝ በሚገባ ነው። ረዳትዎም ፊደል ሲያርምልኝ ቢውል አልጠላም፤ ከእኔ ይልቅ ዓይኑ ይበረታል። ነገር ግን ሰው ሳይናገር ተናገረ፣ ሳይስማማ ተስማማ ብሎ መጻፍ ከማንም አንቀበልም፤ ከረዳትዎ ብቻ ሳይሆን ከእርስዎም፣ ከእኔም። አቶ እንድሪያስ ምናልባት መንገዱ ይዘጋ ይሉ ይሆናል፤ ይህንንም አላውቅም። ሳላውቅ ነው ሣጥኑን ባዶ የተውኩት፣ አሁንም ባዶ ነው። እስኪሻላቸው እንጠብቃለን፤ ካልተሻላቸው ደግሞ አልጋቸው አጠገብ ሄደን እንቀመጣለን።

ከሩቅ ሆኖ የክቡርነትዎን ፊርማ አይቶ ያደነቀ፣ በአካል የማየትን ዕድል ግን ገና ያላገኘ፣ ሦስት ቅዳሜ የተቀመጠና አራተኛውንም የሚቀመጥ ትሑት አገልጋይዎ፣

ወልደየሱስ
ጡረተኛ መምህርና የጉባኤው ጸሐፊ
ኦቾሎ፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህንን ደብዳቤ በገበያው ሰሌዳ ላይ ልለጥፍ ስወጣ አቶ ብዙነህን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና፣ ከጀርባቸው እንዳይሆን ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። «እኔ የጠየቅኩት ማሳዬን ነው፤ የታመመ ሰው አፍ ውስጥ ቃል ጨምሩልኝ መቼ አልኩ?» አሉና፣ ወርደው ሽቦውን በገዛ እጃቸው ጠቀለሉት። ክርክራቸውን አልተዉም፤ ቅዳሜ መጥተው እንደገና ይናገራሉ። እንግዲህ በሙሉ ድምፅ ከጸደቀው ውሳኔ ጋር የቀራችሁት እርስዎና ረዳትዎ ብቻ ናችሁ። እናንተም አንድ ቀን ሳትስማሙ ብትቀሩ ወደ እኛ ብቅ በሉ፤ ድንጋዩ ሰፊ ነው፣ ሁለታችሁንም እስክትጨርሱ እናዳምጣለን።