«ፍርሃት» ተብሎ ስለተመዘገበው የእህቴ ሞት

ለተከበሩ የጥርስ ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በተለይ የጥርስዎን ጤና፣ በራስዎ ክሊኒክ መወጋት እንዳያስፈልግዎት።

እኔ ባለፈው ወር የመንጋጋ ጥርሷን ልትነቀል መጥታ ወንበርዎ ላይ ያረፈችው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ታናሽ ወንድም ነኝ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ለእናቴ የላኩት ሪፖርት የሞቷን ምክንያት «ከመርፌ ፍርሃት የመጣ ድንጋጤ» ይለዋል። ምሰሶ ላይ ወጥታ ሽቦ ስትቀጥል የምትውለው ልጅ ይህን ያህል ፈሪ መሆኗን ስላሳወቁን እናመሰግናለን፤ አብረናት ስንኖር አላወቅንም ነበር።

ያም ሆኖ ቦርሳዋን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ስለነበር ጥቂት ነገሮች አልገቡኝም።

1. ሪፖርቱ ሁለት ብልቃጥ ማደንዘዣ ተሰጣት ይላል። እኔ ሳህኑ ላይ አራት ባዶ ብልቃጥ አይቻለሁ። ሁለቱ የሌላ ታካሚ ከሆኑ ማን እንደሆነ ይንገሩኝ፤ ሄጄ ጤንነቱን እጠይቀዋለሁ።

2. መድኃኒቱ ከመገፋቱ በፊት የመርፌው መግፊያ ወደ ኋላ ተስቦ ደም አለመምጣቱ ታይቷል፣ ቀስ ተብሎም ተሰጥቷል ይላል። የባዮሎጂ አስተማሪያችን እንዳስረዱኝ ይህ የሚደረገው መርፌው ደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን ለማወቅ ነው። ሐኪምዎ ግን ስልካቸውን በትከሻቸው ደግፈው «መጣሁ በቃ፣ አንዲት ልጅ ናት የቀረችኝ» እያሉ ነበር የሚወጉት፤ ያልቸኮሉት ስልኩን ለመዝጋት ብቻ ነው።

3. እህቴ አፌን ብረት ብረት ይለኛል፣ ጆሮዬም ይጮሃል ብላ ነበር። የሐኪሙ ረዳት «አይዞሽ የኔ እህት፣ ፈርተሽ ነው» ብላ ሳቀች፤ ሐኪሙም ገና አልደነዘዘም ብለው ጨመሩላት። ከዚያ ምላሷ ተሳሰረ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረች። አስተማሪያችን ባዋሱኝ መጽሐፍ ላይ እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ መርፌው ወዲያው ይቁም ይላል። በሪፖርትዎ ላይ ግን አንዳቸውም የሉም። የእህቴ የመጨረሻ ቃል ከወረቀቱ ላይ ወዴት ሄደ?

አሁን ደግሞ እናቴ ሰኞ መጥታ በሪፖርቱ መስማማቷን እንድትፈርም በትሕትና ጠይቀዋታል። እናቴ ከቀብሩ ወዲህ የሰጧትን ወረቀት ሁሉ ሳታነብ ትፈርማለች፤ ይህን ማን እንደነገረዎት አላውቅም። ስለዚህ አብሬያት እመጣለሁ። አትፈርምም። እህቴ በሞተችበት ቀን በእጅ የተጻፈውን የመጀመሪያ የሕክምና ካርዷን ግን አዘጋጅተው ይጠብቁን።

ምስጋናው የበዛ፣ እምነቱ ያለቀበት፣
የሟች ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ሪፖርቱ የድንገተኛ ጊዜ መድኃኒት ሣጥን በቦታው እንደነበረ ይገልጻል። ባለፈው ማክሰኞ ጃኬቷን ልወስድ ስመጣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ በእውነት ያምራል። ግድግዳው ሲበሳ ወለሉ ላይ የወደቀውን ነጭ ብናኝ ግን ቢያስጠርጉት መልካም ነው።