የጎፈሬዬ የዕረፍት ዜና

ይድረስ ለእናቴ፣ ለእምየ፤

እምየ፣ ከባድ ዜና ስላለኝ ካለሽበት ሆነሽ ልብሽን አጥብቀሽ ስሚኝ። በወረታ ገበያም በቁሐር ሚካኤል ደጅም ሲታወቅ የኖረው፣ ዝናብ የማያስገባው፣ ፀሐይ የማይበሳው ጎፈሬዬ በትናንትናው ዕለት፣ ተወልዶ ባደገበት ራስ ላይ፣ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ሥርዓተ ቀብሩም ከጓሮው ጎመን ሥር ዶሮዎችሽ በተገኙበት ተፈጽሟል። ጨረስኩ። አሁን መሳቅ ትችያለሽ።

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃው እኔን መስሎ አንድ ቦታ አይቆምም። ውሃ የሚተኛበት መሬታችን፣ አንቺ «ከእንቁራሪት በቀር ምን ይበቅልበታል» ትይው የነበረው፣ ዘንድሮ ሩዝ ለብሷል። የግብርና ሰዎች ናቸው ዝሩ ያሉን። አባየ መጀመሪያ ሣር መስሎት ሊያርመው ነበር፤ አሁን ወፍ ባየ ቁጥር ይሮጣል። ቤቱ ግን ዝም ብሏል። አንቺ የምትስቂበት ሰዓት ሲደርስ የሚስቅ የለም።

የፀጉሬን ነገር የጀመርሽው አንቺ ነሽ፤ አትካጂም። ከእኔ በፊት የወለድሻቸው ወንዶች ስላልበረከቱልሽ፣ ሞት ወንድ መሆኔን እንዳያውቅ ብለሽ ሹሩባ ሠራሽኝ። ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ምላጭ እንዳይነካኝ ለሚካኤል ተሳልሽ። ሞት መታለሉን እንጃ፤ ወፍጮ ቤት ያሉት ሴቶች ግን ተታልለው «ይችን ልጅ አሳልፏት» እያሉ ከፊት ያቆሙኝ ነበር። ተንኮል የለመድኩት ያኔ ነው።

ጎረምሳ ስሆን ደግሞ መልሼ አሳደግኩት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በስብሰባ መሀል አስነሥቶ «ይሄ የአድኃሪ ፀጉር ነው፤ ምን ደብቀህበት ነው?» ያለኝ ቀን ትዝ ይልሻል? ከቤት ስወጣ ከጫጩቶችሽ አንዷን ጎፈሬዬ ውስጥ ሸጉጫት ነበርና፣ እኔ ሳልመልስ እሷ ጮኸች። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንቺ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ትከሻሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባየ አልሳቀም። መሬት መሬት አየ።

ሽማግሌዎቹም ከፀጉሬ ጋር ተጣሉ። አንዱ «ጎፈሬ የአርበኛ ነው፤ አንተ ምን ገደልክ?» ይሉኛል። «ቅማል» እላቸዋለሁ። ሌላው «ሴት መሰልክ» ይሉኛል። አንድ ፀጉር አንዱን ጀግና፣ አንዱን ሴት የሚያደርገው በምን ሒሳብ ነው? እስከ ስድስተኛ ክፍል አላስተማሩኝም፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ አላውቅም።

ወባው ሲጥልሽ፣ እጅሽ ሚዶ መያዝ ባቃተው ጊዜ እንኳ፣ ራሴን መደብሽ ላይ አስደግፈሽ በጣትሽ ታበጥሪኝ ነበር። ስትቀበሪ የዘመድ ወንዶች ሁሉ ለሐዘን ተላጩ። እኔ እምቢ አልኩ። ጣትሽ ያለፈበትን ለምላጭ ልስጥ? ይህን ደግሞ ለማን እነግራለሁ? «ብላጭ ይበርደኛል» ብዬ ቀለድኩ። የምቀልድ ሰው ስለሆንኩ አመኑኝ። «ለእናቱ እንኳ ያላዘነ፣ ከዚህ ወንድ አይወጣም» ተባለ። ሰው ያለውን ይበል፤ የከበደኝ አባየ ነው። ዓመቱን ሙሉ ፊቴን አላየኝም። ሲያናግረኝ ዓይኑ አናቴ ላይ ነው። ያላዘንኩ መስሎት እንደሆነስ እያልኩ ፈራሁ፤ እንዳልጠይቀው ደግሞ አፌ ለቀልድ እንጂ ለእንዲህ ያለው አይፈታም።

ትናንት ጠዋት ለሩዙ ወፍ ጅራፍ ሊገምድ ደጅ ተቀምጦ «ና ጫፉን ያዝልኝ» አለኝ። ያዝኩለት። ቃጫውን እየጎነጎነ፣ ቀና ሳይል፣ «ራስህን የሠራሁህ እንዲህ ነው» አለ።

«መቼ?» አልኩ።

«አያትህ ታመው እናትህ ሐሙሲት የሄደች ክረምት። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ እዚያው ቀረች። ሹሩባህ ተፈታብህና አለቀስክ። ጎረቤት እንዳልጠራ ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው። በሩን ዘጋሁና እንደ ጅራፍ ጎነጎንኩህ። ሌላ አላውቅማ! ለማንም እንዳትናገር ብዬህ ነበር።»

እምየ፣ አልተናገርኩም። ረስቼው ነዋ! በሕይወቴ የጠበቅኩት ምስጢር ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

«እናትህ ተመልሳ አየችው» አለ። «ምንም አላለችኝ። ብቻ እስከ መስቀል ድረስ ሳትፈታው ቆየች።»

ጅራፉን አጠበቀ። «ተላጭ ያላልኩህም ለዚህ ነው። እጇ ያለበት ራስ ነው።»

ለካ ዓመቱን ሙሉ አናቴን ሲያይ የኖረው አንቺን ፈልጎ ነው። እኔ ደግሞ ብቻዬን የምጠብቅሽ መስሎኝ ፀጉሬን እንደ አጥር ይዤ ቆሜያለሁ። ጠባቂው ሁለት ከሆነ አጥሩ ምን ይሠራል? «አባየ፣ ላጨኝ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ውሃ አምጥቶ አራሰኝ። ቀስ ብሎ ነው የላጨኝ፤ እንዲያም ሆኖ ሁለት ቦታ አደማኝ። ሲጨርስ ፊቱ ረጥቧል። «ከራስህ የተረጨ ውሃ ነው» አለኝ። እኔ ይበርደኛል ስል እንዳመነኝ ያህል አመንኩት።

ዛሬ ገበያ ስወጣ «አሁን ወንድ ሆንክ» አሉኝ። ከትናንት የተለወጠብኝ ጆሮዬ ብቻ ነው። ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን ለምን ሳትነግሪኝ ሄድሽ?

እሑድ ሙት ዓመትሽ ነው። ሌሎቹ በለቅሶ ያስቡሽ፤ እኔ ሰው በማይስቅበት ቦታ ሁሉ፣ ያ ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ አስብሻለሁ። ይህንን ቃሌን ግን ሳልቀልድ ነው የምሰጥሽ፤ እኔም አባየም አንረሳሽም።

ከባድ ዜና ብዬ ስላስደነገጥኩሽ ማሪኝ። ነገሩስ ያን ያህል አልነበረም። ፀጉር ነው፤ አሁን በእጄ ስዳብሰው መውጣት ጀምሯል።

ልጅሽ