የክዳኑ አረፋ

ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.። በፔጆው ዘይት ውስጥ ውሃ የለም።

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ኤልሳዕ፣ አርባ ምንጭ። እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? ሙቀቱስ በረታ? እቴቴ ሥርጉትና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ክብር ለእሱ ይሁንና ደህና ነን። እማዬም በጥምቀት ታቦት ሸኝተው በእግራቸው ተመልሰዋል። የምጽፍልዎ በስልክ ስለማያስጨርሱኝ ነው። ወረቀት ላይ «ቆይ አንቺ» ሊሉኝ አይችሉም።

አሁን ሰነድ የሚፈረምበት ቢሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። የተራ ቁጥሬ በእጄ ነው። ገዢው እንደሻው ሹፌር አስከትሎ ከፊቴ ወዲያ ወዲህ ይላል። እርስዎ ውክልናዎን ልከውለታል። ፔጆው የአባባ ውርስ፣ የሁለታችን ስለሆነ የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።

እንደሻው ከጥምቀት በፊት ከድሬዳዋ አንድ መካኒክ ይዞ መጥቶ ነበር። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ፣ ገልብጦ አሳየኝ። ከሥሩ ቡና በወተት የመሰለ አረፋ ተለጥፏል። «እህቴ፣ ውሃና ዘይት ተደባልቋል። ውሃውን ከዘይቱ የሚለየው ጓርኒሲዮን ተበልቷል፣ ምናልባት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታውም ተሰንጥቋል። ይሄ ሞተር ለብረት ነው የሚሆነው» አለኝ። እንደሻው ወዲያው ፎቶ አንስቶ ላከልዎ። እርስዎም ደውለው «አባባ ምን ይሉ ነበር? ነጭ ካየህ ውሃ ነው። ሽጪውና ከእማዬ ጋር እዚህ ኑ» አሉኝ።

ልክ ነዎት፣ አባባ እንደዚያ ይሉ ነበር። ግን እርስዎ ገና በአሥራ ስምንት ዓመትዎ ከሐረር ስለወጡ የሰሙት ግማሹን ነው። ቀሪውን የሰማሁት፣ መኪና ሥር ተኝተው ሲሠሩ የእጅ ባትሪ እይዝላቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ዘይት ቢጠቁር ሞተሩን እያጠበ ነው፣ አትደንግጪ ይሉኝ ነበር። የሚያብለጨልጭ ነገር ካየሽበት ብረት እየተፋቀ ነውና ያን ጊዜ ደንግጪ። ነጭ ካየሽ ደግሞ ክዳኑን ብቻ አትመኚ፣ መለኪያ ዘንጉን አውጥተሽ እዪ፤ ዘንጉ ሆዱ ድረስ ይገባል።

መካኒኩ ዋሸ አልልም። እሱ ያደገው የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሥር ነው። ቀኑን ሙሉ ሲግል የሚውል ሞተር ክዳኑ ላይ ነጭ ካወጣ በእርግጥ ውሃ ገብቶበታል። የእኛ ፔጆ እንዴት እንደሚውል ግን አልጠየቀኝም። ከፈረስ መጋላ ተሳፋሪ ጭኜ እዚያው ሐረር ውስጥ አቦከር አወርዳለሁ፤ ሞተር አጥፍቼ ተራ እጠብቃለሁ። በደንብ ሳይግል መልሶ ይቀዘቅዛል። በዚህ የጥር ብርድ እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል፣ ላቡም ከዘይቱ ጋር ክዳኑ ላይ ይረጋል። ነገሩ ይኸው ነው።

ማክሰኞ ፈላና በር አው ዘከሪያ ዘንድ ሄድኩ፤ የአባባ ወዳጅ የነበሩትን ሽማግሌ መካኒክ አይረሷቸውም። ዘንጉን አወጡ። ጥቁር ነው። አሸተቱትና ተቆጡ። «ይሄን ዘይት ከቀየርሽ ስንት ጊዜሽ ነው? ወላሂ አስፋልት ይነጠፍበታል!» አሉኝ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልደብቅዎትም። ከዚያ በጋለ ቆርቆሮ ላይ አንጠባጠቡት። ውሃ ያለበት ዘይት እንደ ቆሎ ይንጣጣል፤ ይሄኛው ጭስ ብቻ አወጣ። ጥቂት በማርማላታ ብልቃጥ ቀዱና «ውሃ ካለው ይዘቅጣል፤ ዙሁር ሰግጄ ስመለስ ሥሩን እናየዋለን፣ ኢንሻአላህ» ብለው ሄዱ። ሲመለሱ ላዩም ጥቁር፣ ሥሩም ጥቁር። በፀሐይ እያዘነበሉ ብረት ፈለጉበት፤ አላገኙም። «አባትሽ ይሄን ቢሰማ ወንድምሽን በካልቾ ነበር የሚለው» አሉ። እሳቸው ያሉትን ነው የምጽፈው።

እኔ ግን ይህም አልበቃኝም። ዘይቱን አስቀይሬ፣ ክዳኑን በጨርቅ ጠርጌ፣ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልቼ ረቡዕ ብቻዬን ድሬዳዋ ወረድኩ። ስመለስ የደንገጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት። ከኋላዬ ያለው አይሱዙ ክላክሱን ቢያንባርቅብኝም አልቆምኩለትም። የሙቀቱ መርፌ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ሐረር ገብቼ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩን ከፈትኩ፤ ውሃው እንደሞላ ነው። ክዳኑን ፈታሁ፤ የዘይት ወዝ ብቻ።

ዛሬ ጠዋት ይህን ሁሉ ለእንደሻው ነገርኩት። «ሴትዮ፣ ወንድምሽ ወስኗል፤ አንቺን ምን ያደርቅሻል?» አለኝ። «ለብረት ከሆነ ለምን ሹፌር ይዘህ መጣህ? በገመድ አትጎትተውም?» ስለው የአግዳሚው ሰው ሁሉ ሳቀበት። ሹፌሩም ሳቀ።

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ትምህርትሽን አቁሚ ሲሉኝ አቁሜያለሁ፣ አባባን አስታሚ ሲሉኝ አስታምሜያለሁ። ይህን ግን አላደርገውም። ኑ ማለትዎ በደግነት እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ ግን የእርስዎን እጅ እያየሁ ልቀመጥ ነው፤ እዚህ እማዬን የማበላው በዚያ ሞተር ነው። ውክልናዎን ያንሱት። ባያነሱትም አልፈርምም። ሞተሩ በእውነት የሞተ ዕለት ቀድሜ የምነግርዎ እኔ ነኝ፣ የማንም ፎቶ አያስፈልግዎትም።

ለእቴቴ ሥርጉት ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ የላኩት የዶርዜ ጋቢ ከእማዬ ትከሻ አልወርድ ብሏል። ኡራኤል ፈተናው እንዴት እንደሆነ ራሱ ይጻፍልኝ። ትንሿን ልደትን ጉንጯን ይሳሙልኝ። እማዬ እግዚአብሔር ይባርካችሁ ብለዋል። ስለ መኪናው ስጠይቃቸው «እኔ የዘይቱን አላውቅም፣ ሁለታችሁንም ወልጃለሁ» አሉኝ።

ስሜ ተጠራ። እንደሻው እስክሪብቶ አውጥቶ ዘርግቶልኛል። እኔ እስክሪብቶ አለኝ፤ እየጻፍኩበት ነው። ሁለተኛ ጠሩኝ። በዚህ ሰዓት ፈረስ መጋላ ተሳፋሪ ይበዛል። ወጣሁ።

እህትዎ ዕፀገነት
ሐረር፣ በዚያው ቀን