ነጭ አፍ

ኖቬምበር 3

ብርድ። የከሰሉ ጭስ ኡላንባታርን ዛሬም ውጧታል። ለሁለት የክረምት ካባ ገበር ሰፋሁ፣ አንዱን አጣምሜ ፈታሁት።

ታናሽ ወንድሜ ቱቭሺን ቡዳፔስት ገብቷል፣ ለኮምፒውተር የተኩስ ጨዋታ ውድድር። ሲሄድ እማዬ መንገዱ ይቅና ብላ ከታክሲው ኋላ ወተት ረጨችለት።

የሥራ ባልደረባዬ ጋንጪሜግ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ስልኳን አፍንጫዬ ስር ደቀነችው። "ወንድምሽ ሰባ ገባ! አንቺን ማን በሰባ ይገዛሻል?" የመጀመሪያውን ማፕ ማን ይወስዳል ብለው የሚወራረዱበት ገጽ ነው። የእኛ ቡድን ይወስዳል ብሎ የሚገዛ ሲበዛ ቁጥሩ ይወጣል። ከመቶ ሰባ...

ኖቬምበር 5

ሰባ ስምንት። ለእማዬ ምን ብዬ አሳየኋት?

"ማፕ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የሚታኮሱበት ሜዳ ነው እማዬ። ሦስት አለ፣ ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል።"

"እነዚህ ሁሉ ሰዎች ልጄን የት ያውቁታል?"

"ያሸንፋል እያሉ ነው እኮ። ደግ ነገር ነው።"

"ነጭ አፍም አፍ ነው" አለችና ፊቷን አዞረች።

ጥቁሩ አፍ እርግማን፣ ነጩ ሙገሳ። ሁለቱም ሰው ይጥላሉ። የአባባ ፈረስ "ዘንድሮ የሚቀድመው የለም" በተባለ ማግስት አይደል እግሩ የተሰበረው? አላምንም እላለሁ፣ ግን ፈረሱ ትዝ አለኝ።

ኖቬምበር 6

የቡድሃ ገዳም ወሰድኳት። መነኩሴው ላማ የሰው አፍ የሚያነሳውን ጸሎት አነበበላት። ስንመለስ ሰማንያ አንድ።

ኖቬምበር 7

"የሚወርድበት መንገድ የለውም?" አለችኝ ከቁርስ ላይ።

"ይሸነፋል ብሎ የሚገዛ ሰው ከተገኘ ይወርዳል።"

"እንግዲያው እኛ እንግዛ።"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ስንት ቀን ሆናት እህል በቅጡ ካልቀመሰች...

ለስፌት መኪና ያጠራቀምኩትን አስገባሁ። በራሴ ስም። ምን የሚደበቅ ነገር አለው? በመጀመሪያው ማፕ ላይ የሚወራረደው ጥቂት ሰው ነው፣ ቁጥሩ ወዲያው ሃምሳ ዘጠኝ ገባ። እማዬ አይታ "እፎይ" አለች። ሾርባዋን ጨረሰች።

ኖቬምበር 8

የመጀመሪያውን ማፕ ተሸነፉ። ቱቭሺን ያለወትሮው ሲስት ሲስት... ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን ጠራርገው ወሰዱ! ጋንጪሜግ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ጨፈረች።

እማዬ አለቀሰች። "አየሽ? ትንሿን ለአፍ ሰጠን፣ ትልቁን ማረልን።"

ገንዘቤ ሦስት እጥፍ ሆነ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ኖቬምበር 12

ቱቭሺን ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"እትዬ፣ በእኛ ላይ የገዛሽው አንቺ ነሽ?"

"...አዎ።"

ከዚያ ነገረኝ። ገጹ የተወራረዱትን ሰዎች ስም ለውድድሩ መርማሪዎች ሰጥቷቸዋል። እህቱ ገዛች፣ ወንድሟ ያንኑ ማፕ ተሸነፈ፣ የቀሩትን አሸነፈ፤ ሆን ብሎ ለቀቀ ይላሉ።

"ከቤተሰቤ ማንም የለበትም ብዬ ምዬላቸው ነበር።"

"ቱቭሺዬ፣ የሰው አፍ እንዲነሳልህ እኮ ነው። እማዬ ፈርታ..."

"ይሄን ለእነሱ ምን ብዬ ልንገራቸው? እስቲ ንገሪኝ፣ በምን ቋንቋ?"

ሁሉንም ራሴ እጽፍላቸዋለሁ አልኩት።

ኖቬምበር 21

ባለፈው ሳምንት ለመርማሪዎቹ የጻፍኩትን ደብዳቤ አንድ አስተርጓሚ ፊቴ ተርጉሞ ላከልኝ። ስለ ነጭ አፍ የጻፍኩትን ሲያነብ ከንፈሩን ነከሰ፣ ሳቁን ሊይዝ። ያኔ አበቃልን አልኩ።

ዛሬ ቱቭሺን ከውድድር ለአምስት ዓመት ታገደ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሲመለስ ጣቱ ከወጣቶቹ ጋር እኩል ይሮጣል? እኔ ምን አባቴ አውቃለሁ። እሱ ግን ያውቃል።

የገጹ ሰዎች የውርርዱን ገንዘብ ወሰዱት፣ እኔም መልሱልኝ አላልኩም። መውሰዳቸው ይሻላል።

ዲሴምበር 2

ቱቭሺን ገባ። እማዬ በራፍ ላይ በሁለት እጇ ወተት ይዛ ቆመች። ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን አስነካለት፣ ደግ ልጅ ነው። እኔን ግን አላየኝም። በአጠገቤ አልፎ ክፍሉን ዘጋ።

ሥራ ቦታ ጋንጪሜግ ስልኳን አላወጣችም። ወሬ ሁሉ ስለ ገበር፣ ስለ ክር። ሰፈር ውስጥ የቱቭሺን እህት እያሉ ሰላም የሚሉኝ ሁሉ ዛሬ ስለ ብርዱ ብቻ አወሩኝ። ገጹን ከፈትኩት... ሌላ ቡድን፣ ሌላ ቁጥር። የእሱ የለም።

እማዬ የጠቀለለችለት ቡዝ፣ ሥጋ የተሞላው የሊጥ ጥቅል፣ በራፉ ላይ ቀዝቅዟል።

"ሰው ስለ እሱ ምን ይላል?" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ምንም እማዬ። ማንም ምንም አይልም።"